አሮጌ አይሱዙ ዳገት ላይ ሲሞቅባችሁ መጀመሪያ «መቼ ነው የሚሞቀው?» በሉ

ይሄን የምጽፈው አሮጌ የጭነት መኪና ይዛችሁ በየዳገቱ እየቆማችሁ ውሃ ለምትጨምሩ ሾፌሮችና ባለንብረቶች ነው። የኔ መኪና አይሱዙ ኤንፒአር ነው፤ ሞተሩ ፎር ኤችኤፍ ዋን የሚባለው ባለ 4.3 ሊትር ዲዝል። የምሠራው ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ፣ ሥራ ከተገኘም እስከ ባሕር ዳር ነው። ስሄድ የግንባታ ዕቃ እጭናለሁ፣ ስመለስ ጤፍ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን መውጣት አለ። ከድልድዩ እስከ ደጀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ደካማ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ያለው መኪና እዚያ ላይ አይደበቅም።

ችግሩ የጀመረው በትንሹ ነበር። ሜዳ ላይ ምንም የለም። ከሱሉልታ እስከ ፍቼ፣ ከፍቼ እስከ ጎሃ ጽዮን የሙቀት ጌጁ ቀስት መሃል ላይ ትቆማለች። ቁልቁለቱንም በሰላም እንወርዳለን። ሽቅብ ስንጀምር ግን ቀስቷ ትነሳለች። መጀመሪያ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብላ ትቆም ነበር። ወራት ሲያልፉ ወደ ቀዩ ተጠጋች። በመጨረሻ ቀዩን መንካት ጀመረች፤ እንቆማለን፣ ረዳቴ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ እስኪቀዘቅዝ በዚያ ፀሐይ እንጠብቃለን፣ ውሃ ጨምረን እንቀጥላለን፣ ትንሽ ሄደን ደግሞ እንቆማለን። የጫንንለት ደንበኛ ደጋግሞ እየደወለ፣ ከኋላ የሚመጣው ተሳቢ ጡሩንባ እየነፋ።

እዚህ ላይ ምክር የሚሰጣችሁ ሰው አይጠፋም። ምክሩም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቴርሞስታቱን አውጣው።» አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ቃል በቃል እንዲህ አለኝ፦ «በረሃ የሚሠራ መኪና ቴርሞስታት ምን ያደርግለታል?» አወጣው። ውጤቱ ምን ሆነ? ጠዋት ከአዲስ አበባ ስነሳ ሞተሩ አልሞቅ ይላል። እንጦጦን እስክናልፍ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጉልበት የለውም። ዳገቱ ላይ ግን ያው መሞቁ አልቀረም። እንዲያውም ቀስቷ ፈጥና ትወጣ ጀመር።

ለምን እንደሆነ ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ቴርሞስታት ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይዘጋል፤ ውሃው በአጭሩ መንገድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ የራዲያተሩን በር ይከፍታል፣ በዚያውም በታች በኩል ባለችው ክብ ሳህን ያንን አጭር መንገድ ይደፍናል። ብዙ ዲዝል ሞተሮች የሚሠሩት እንደዚህ ነው። ቴርሞስታቱን ስታወጡት አጭሩን መንገድ የሚደፍን ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከሚዞረው ትኩስ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ አይታወቅም። 20 ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ ይታወቃል። አንዳንዱ «ቴርሞስታት ሲወጣ ውሃው ቶሎ ስለሚሮጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» ይላል፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም፣ በአቋራጭ የሚመለሰው ውሃ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ በማንም ምክር አታውጡት። ከተበላሸ በአዲስ ቀይሩት።

ቀጥሎ «ራዲያተሩ ነው» ተባለ። ይሄኛው እንኳ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ራዲያተሩ ወረደ፣ ሠሪው የላይና የታች ጣሳውን ከፈተው፣ ቱቦዎቹን በቀጭን ሽቦ ጎረጎረ፣ የሚያንጠባጥቡትን በስታኞ ደፈነ። ብዙ ዝገትና ነጭ ቅርፊት ወጣ። ለጥቂት ጊዜ ተሻለው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አንድ ቱቦ በስታኞ ተደፈነ ማለት ከዚያ በኋላ ውሃ አያሳልፍም ማለት ነው። መፍሰሱ ቆመ፣ የማቀዝቀዝ አቅሙም ያንን ያህል ቀነሰ። ራዲያተራችሁ በየጊዜው እንዲህ ሲደፈን ከኖረ፣ ሲያዩት ደህና ቢመስልም ግማሹ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ስንት ቱቦ እንደደፈነ ሠሪውን ጠይቁት፣ ሲሠራም አጠገቡ ቁሙ። ሁለተኛ፣ ራዲያተሩ ሲመለስ ቬንትሌተሩን (ማራገቢያውን) ዙሪያውን የሚከበው ከለላ አልተመለሰም። «ቡሎኑ ተበልቷል፣ ያለሱም ይሠራል» ተባልን። ያለሱ ቬንትሌተሩ አየሩን በራዲያተሩ ውስጥ አሳልፎ መሳብ ሲገባው እዚያው የዞረውን ሞቃት አየር መልሶ ያዞረዋል። ከለላ ጌጥ አይደለም። ተሰብሮ ከሆነ ላሜራ ሠሪ ዘንድ አስቆርጣችሁ አሠሩት።

ሙቀቱ እንደገና ሲመለስ የመጣው ፍርድ ትልቁ ነበር፦ «ቴስታታው ጠሟል፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ይከፈት።» ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ራስ፣ ማስከፈት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መኪናው ይቆማል፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ)፣ ዘይት፣ የእጅ ዋጋ። ሲከፈት ደግሞ ሌላ ነገር መምጣቱ አይቀርም። ለዚያ ገንዘብ ልበደር ስል ነው ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ዘንድ የሄድኩት።

«አባቴ፣ መኪናው ይሞቅብኛል» አልኳቸው።

«መቼ?» አሉኝ።

«ዳገት ላይ።»

«ዳገቱን እንደጀመርክ ነው ወይስ ቆይቶ? ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳትሰጠው ስታቆመውስ? ባዶውን ሲሆንስ? በሌሊት ስትነዳስ? ውሃ ይጎድላል? የሚፈስበት ይታያል? የጀመረው በአንድ ቀን ነው ወይስ እየቆየ የመጣ ነው?»

እስከዚያ ድረስ ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ የጠየቀኝ ጋራዥ አልነበረም። ሁሉም መፍቻ ይዞ ነው የሚጀምረው። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ መኪናው መቼና እንዴት እንደሚሞቅ በደንብ ካወቃችሁ፣ ግማሹን ምርመራ ያለ ምንም ወጪ ጨርሳችኋል። እሳቸው ያስረዱኝን፣ ከዚያም ወዲህ በራሴና በጓደኞቼ መኪና ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቆሞ ወይም የመርካቶ ጭንቅንቅ ውስጥ የሚሞቅ፣ ሜዳ ላይ ሲነዳ ግን የሚቀዘቅዝ መኪና ችግሩ አየር ነው። ሲሄድ ንፋሱ ያቀዘቅዘዋል፣ ሲቆም የሚያቀዘቅዘው የለም። ስለዚህ ቬንትሌተሩን፣ ቺንጋውን (የሚያዞረውን ቀበቶ)፣ ከለላውን ተመልከቱ። ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ደግሞ የውሃ ዝውውር ወይም የራዲያተር አቅም ጉዳይ ነው፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፖምፕ፣ በከፊል ብቻ የሚከፈት ቴርሞስታት፣ የላመ ማኒኮቶ (ውሃውን የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ)። የኛ አገር ዳገት ሁለቱንም በአንድ ላይ ይፈትናል፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ መኪናው ግን በዝግታ ስለሚሄድ የሚረዳው ንፋስ የለም። ተነስቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀይ የሚነካ ከሆነ፣ ውሃ የለውም፣ ወይም ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ተጣብቋል፣ ወይም የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በአንድ ቀን በድንገት የጀመረ ሙቀት የተበጠሰ ወይም የተጣበቀ ነገር አለው። የኔው ዓይነት በወራት እየከፋ የመጣ ከሆነ ግን የሚያልቅ፣ የሚደፈን፣ የሚላም ነገር ፈልጉ።

«ነገ ጠዋት ሳታስነሳው አምጣው» አሉኝ። ይሄም ራሱ ትምህርት ነው፤ ምርመራ በቀዝቃዛ ሞተር ነው የሚጀመረው። ማታውኑ እዚያው ግቢያቸው አሳደርኩት።

ጠዋት መጀመሪያ የያዙት የራዲያተሩን ክዳን ነው። ገልብጠው ከታች ያለችውን ጎማ በጥፍራቸው ነኩት። ደርቃለች፣ ዙሪያዋ ተሰነጣጥቋል። ስፕሪንጉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ያለ ምንም ትግል ገባ። ክዳኑ ከውሃ መክደኛነት ያለፈ ሥራ ያለው አይመስለንም፤ አለው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ያ ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ እንደ መኪናው ይለያያል፣ ስትቀይሩም የራሱን ቁጥር ነው የምትገዙት። ውሃ በግፊት ሲታፈን የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ይሄ ደጋ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባና ደጀን ላይ ግን በ92 ገደማ ነው የሚፈላው። የ0.9 ክዳን በደንብ ከያዘ እዚሁ ከፍታ ላይ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። አሁን አስቡት፦ 82 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ደጋ ላይ ቴርሞስታቱ በደንብ ሳይከፈት ውሃው ይፈላል። ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው፣ በአንዲት ትንሽ ጎማ ምክንያት። ከዚያም ውሃው በትርፍ ቱቦው እየተተፋ ይጎድላል፣ እኛም «ውሃ ይበላል፣ ቴስታታ ነው» እንላለን።

ቀጥሎ ክዳኑ እንደተከፈተ፣ ውሃው እስከ አፉ እንደሞላ፣ ሞተሩን አስነሳነው። ጎንበስ ብለን ውሃውን አየን። ትንሽ አረፋ መጀመሪያ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ አየር ነው፣ ያልቃል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ አረፋው ሳያቋርጥ የሚንቀለቀል ከሆነ፣ ነዳጅ ሲሰጥም የሚብስ ከሆነ፣ የዲዝል ጭስ ጭስ የሚሸት ከሆነ ግን የሲሊንደር ጋዝ ነው። የኔ ውሃ ጸጥ ብሎ ቆመ። ክዳኑን ዘግተው የላይኛውን ማኒኮቶ ጨበጡት፤ ለስላሳ ነው። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ተዘግቶ በተነሳ በአንድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ ማኒኮቶው ይጠነክር ነበር። የዘይት መለኪያዋን አወጡ፤ ቡና በወተት የመሰለ፣ ውሃ የገባበት ዘይት የለም። «ቴስታታህ ደህና ነው» አሉኝ። ሳይከፍቱት። ያንን ስሰማ የተሰማኝን እፎይታ መናገር አልችልም።

ከዚያ ካቢኑ እንደተገለበጠ ረዳቴን ሞተሩ አጠገብ አቁመው ነዳጅ እንዲሰጥ አደረጉ። «አንተ እዚህ ና፣ ይቺን ተመልከት» አሉኝ፤ ጣታቸው የታችኛው ማኒኮቶ ላይ ነው፣ ከራዲያተሩ ሥር ወጥቶ ወደ ውሃ ፖምፑ የሚሄደው። ሚኒሞ ላይ ክብ ነው። ረዳቴ ነዳጅ ሲሰጥ የማኒኮቶው መሃል ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገባ። ጨምር አሉት። ጨመረ። የማኒኮቶው ሁለት ጎን ሊነካካ ደረሰ። ነዳጁን ሲለቅ ተመልሶ ክብ ሆነ። ደግመው አሳዩኝ።

ፖምፑ ውሃ የሚስበው በዚያ በኩል ነው። ማኒኮቶው ሲያረጅ ይላማል፣ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይላማል። ፖምፑ አጥብቆ ሲስብ ራሱን ይዘጋል። ብዙዎቹ ውስጣቸው እንዳይጨፈለቁ የሚይዝ የሽቦ ጥቅል አላቸው፤ የኔው ሲወጣ ሽቦው ዝጎ አልቆ ቁርጥራጩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ሽቅብ ላይ፣ ሞተሩ ዙሩ ሲጨምር የሚታፈነው። ክዳኑም ግፊት አለመያዙ አባብሶታል፤ ግፊት ቢኖር ማኒኮቶውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይደግፈው ነበር። ይሄን ለማየት የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሰው ነዳጅ የሚሰጥ ብቻ ነው። ስትመለከቱ ግን ነጠላ፣ ክራቫት፣ የሸሚዝ እጅጌ ከቬንትሌተሩና ከቺንጋው አርቁ።

ክዳኑን፣ ሁለቱንም ማኒኮቶ ቀየርን፣ አዲስ ቴርሞስታት ገባ፣ ከለላውም ተሠርቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ጉዞ ደጀን ሳንቆም ወጣን። ረዳቴ ጀሪካኑን ሳይነካ በመድረሱ ሳቁ አልቆም አለ። ሆኖም ቀስቷ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብላ ነበር የወጣችው፣ እኔም በዚያ ልተወው አልፈለግኩም። የቀረው ነገር ቬንትሌተሩ መሃል ላይ ያለችው ክብ ነገር ሆና ተገኘች፤ ቪስኮስ የሚሏት። ውስጧ ወፍራም ዘይት አለ። ራዲያተሩ ሲሞቅ ትጨብጣለች፣ ቬንትሌተሩም በኃይል ይዞራል፤ ሲቀዘቅዝ ትለቃለች። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ አጥፉት፣ ቁልፉን ከነአካቴው አውጡ፣ ከዚያ ቬንትሌተሩን በእጅ አዙሩት። ከበድ ማለት አለበት። ገፋ ሲያደርጉት ብቻውን የሚሽከረከር ከሆነ ዘይቷ አልቋል። ዙሪያዋ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ካያችሁም ፈሷል ማለት ነው። አንዳንድ ቦታ በብየዳ ወይም በቡሎን አጥብቀው ያስሯታል። ለአንድ ቀን መውጫ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን ሁልጊዜ በኃይል ስለምትዞር ነዳጅ ትበላለች፣ የውሃ ፖምፑንም ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን) ታደክማለች። ቀየርኳት። ከዚያ ወዲህ ቀስቷ ሜዳም ሆነ ዳገት መሃል ላይ ናት።

ራዲያተሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ መደፈኑን አትርሱ። በመኸር ወቅት የጭድ ብናኝና ነፍሳት የራዲያተሩን ክንፎች ይሞሉታል፣ በተለይ ከፊቱ ሌላ ማቀዝቀዣ ካለ በሁለቱ መሃል። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ እጠቡት፤ የከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። የውስጡን መደፈን ለማወቅ ደግሞ በርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ፈልጉ። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ሲያደርጉት ያየነው ዓይነት ነው፣ ግን የሕክምናው ለዚህ አይሆንም፣ የዕቃ መለኪያው ነው የሚያስፈልገው። ሞተሩ ሞቆ የራዲያተሩን ፊት ከጥግ ጥግ ለኩ። በመሃል ቀዝቃዛ የሆነ ቦታ ካለ እዚያ ውሃ አያልፍም።

የውሃ ፖምፕ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውሃ ከዚያ ሲንጠባጠብ ወይም አካባቢው ላይ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ስታዩ ፖምፑ ሊሄድ ነው። ቀዳዳዋን በማስቲሽ የሚደፍኑ አይቻለሁ። እንዳታደርጉት፤ ያቺ ቀዳዳ የተሠራችው ልታስጠነቅቃችሁ ነው። ከደፈናችኋት ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባል። ቺንጋውን በሁለቱ ፑሌጃ (ቺንጋው በሚዞርባቸው ክብ ብረቶች) መሃል በአውራ ጣት ተጫኑት፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢገባ ጥሩ ነው። ጎኑ ከለሰለሰና ካብለጨለጨ እየተንሸራተተ ነው።

ጌጁን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትመኑት። መብራት ስታበሩ ቀስቷ ከተነሳች ችግሩ የማሳ (የኔጌቲቭ) ሽቦ እንጂ ሙቀት አይደለም። የበለጠ አደገኛው ሌላው ነው። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ውሃ ውስጥ መሆን አለበት። ውሃው ከፈሰሰና ሴንሰሩ ባዶ ላይ ከቀረ ቀስቷ ትወርዳለች፤ ሞተሩ እየተቃጠለ ጌጁ «ቀዝቃዛ ነኝ» ይላችኋል። ዳገት ላይ ሞቆ የነበረ መኪና ያለ ምክንያት ቀስቱ በድንገት ከወደቀ ደስ አይበላችሁ፣ ቁሙ። አንድ ጓደኛዬ ሞተሩን ያጣው በዚህ ነው።

መንገድ ላይ ሲሞቅባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ቀስቷ መነሳት ስትጀምር፣ ቀይ ሳይነካ፣ ማርሽ ቀንሱ። በከባድ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ብዙ ይሞቃል፣ ፖምፑና ቬንትሌተሩ ግን በዝግታ ነው የሚዞሩት። በቀላል ማርሽ ዙሩን ከፍ አድርጎ በዝግታ መውጣት ይሻላል። የካቢን ማሞቂያው የሚሠራ ከሆነ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ በረሃ ውስጥ ይከብዳል፣ ግን ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ይረዳል። ካልወረደ ደህና ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ውሃው ያልፈሰሰ ከሆነ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ቀስቷ እስክትወርድ ጠብቁ። ወዲያው ካጠፋችሁት ውሃው ይቆማል፣ ቴስታታው ላይ ያለው ሙቀት እዚያው ይቀራል። ማኒኮቶ ፈንድቶ፣ ቺንጋ ተበጥሶ ወይም ውሃው ፈስሶ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፉ።

ክዳኑን በትኩሱ አትክፈቱ። ጨርቅ ይዛችሁም ቢሆን። ፊታቸው የተቃጠለ ረዳቶች አሉ፤ ባለቤቱ ቸኩሎ «ክፈተው» ብሎ የሚያዘው ልጅ ነው የሚጎዳው። የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲጨበጥ እስኪላላ ድረስ ጠብቁ፣ ግማሽ ሰዓትም ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ሞተር ውስጥ አንዴ መገልበጥ ደግሞ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ጠብቁ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ሚኒሞ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ከላይም ውሃ አታፍስሱበት።

ስለ ውሃው ራሱ። በመንገድ ላይ ያገኛችሁትን ወንዝ መቅዳት ግድ ሊሆን ይችላል፣ ያድናል። ግን ቤት ስትደርሱ አፍሱትና እጠቡት። የኔን ራዲያተር የደፈነው ለዓመታት የተጨመረበት የቧንቧና የወንዝ ውሃ ነው፤ ሲሞቅ ቅርፊት ይሠራል፣ ብረቱን ያዝጋል። ኩላንት በረዶ ላለበት አገር ብቻ ይመስለን ነበር። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ሙቀቱንም ከፍ ያደርጋል። ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉት። ከባትሪ ሱቅ ስትገዙ የተጣራ ውሃ መሆኑን አረጋግጡ፣ አሲድ እንዳይሆን። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አታደባልቁ፣ ቀለሙ ቢመሳሰልም። ደግሞ ብዙው ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችና ከብቶች ሊጠጡት ይችላሉ፤ ያፈሰሳችሁትን ክፍት ዕቃ ውስጥ አትተዉ። ስትሞሉት መኪናውን አፍንጫው ከፍ ባለ ቦታ አቁሙት፣ ማሞቂያውን ክፈቱ፣ በዝግታ ሙሉ። የታመቀ አየር ከቀረ አዲስ በተሠራ መኪናም ላይ ሙቀት ያመጣል። ቀዳዳ የሚደፍነውን ዱቄት እኔ አልመክርም፤ የሚፈልገውን ቀዳዳ ብቻ አይደለም የሚደፍነው።

ዕቃ ስትገዙ ሶማሌ ተራ ሁሉም ዓይነት አለ፣ ኦርጂናሉም ቅጂውም። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አወዳድሩ። ቴርሞስታት ሳይገጠም ይፈተሻል፦ በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውሃ ውስጥ፣ ታቹን ሳይነካ፣ ከቴርሞሜትር ጋር አፍሉት። የተጻፈበት ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ግን አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃው በ92 ስለሚፈላ፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ላታዩት ትችላላችሁ። ደህናውን ዕቃ «ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ፈተናው በእርግጥም ጓርኒሲዮን ነው ካለ፣ ማለትም አረፋው የማያቋርጥ፣ ማኒኮቶው በቀዝቃዛው የሚጠነክር፣ ውሃው ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ፣ አትንዱት፣ ይከፈት። ሲከፈት ግን ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ቴስታታው በቀጥተኛ ብረትና በስስ መለኪያ ይለካ፣ ስንጥቅም ይታይ። በብዙ የጃፓን ዲዝሎች ጓርኒሲዮኑ በተለያየ ውፍረት ስለሚመጣ የወጣውን ምልክት አይታችሁ ተመሳሳዩን ግዙ። ቡሎኖቹም በቅደም ተከተልና በመለኪያ መፍቻ ይጠበቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ያቃጠለው ምን እንደሆነ ይታወቅ፤ ማኒኮቶው የላመ፣ ክዳኑ የሞተ መኪና ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ብዙ አይቆይም።

ጭነትም አለ። 50 ኩንታል ለሚይዝ መኪና 70 ሲጫን ደህናው ራዲያተር እንኳ ላይችል ይችላል። ኪራዩ አጓጊ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ልጆች አሉኝ። በረሃውን የምታልፉበትን ሰዓት ግን መምረጥ ትችላላችሁ። እኔ ማለዳ ጎሃ ጽዮን ደርሼ ፀሐዩ ሳይበረታ እወጣዋለሁ።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነም ሻጩ ሳያስነሳው ጠዋት ሂዱ። ሞተሩን በእጃችሁ ነክታችሁ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጡ፤ አስቀድሞ የተሞቀ ከሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ። ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን በስልክ መብራት እዩ። ዝገት፣ ጭቃ ወይም የዘይት ቅባት ካለ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ ወይም ተዉት። ከዚያ አስነሱት፣ የላይኛውን ማኒኮቶ ይዛችሁ ጠብቁ። ሞተሩ እየሞቀ ሳለ ማኒኮቶው ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ አለ፣ ይሠራልም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ አብሮ የሚሞቅ ከሆነ አንድ ሰው ቀድሞ አውጥቶታል፤ ለምን እንዳወጣው ሻጩን ጠይቁት።